መገናኛ የተኛችበት ቀን

የባህር ዛፍ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቅጠሉን አፍልቶ ሲታጠን እኔ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ "እሑድ እንጦጦ ወጥተን ንጹሕ አየር እንሳብ እንጂ" ሲሉኝ እንቢ እላለሁ። ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ "አለርጂ ነው" እላቸዋለሁ። አለርጂ አይደለም፤ አጎቴ ነው።

አጎቴን እኛ ሰፈር፣ ወሰን፣ የማያውቀው የለም። ጋሼ ዘርትሁን! የእድር ዳኛ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ሠርግ ቤት መራቂ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ መፋቂያውን እየነከሰ በመንገዱ ሲያልፍ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ ይላል፣ መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠርጎ እጅ ይነሣል። እኔም ስነሣለት ኖሬያለሁ። ኤዲያ!

እናቴ ስትሞት ያነሣኝ እሱ ነው። ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ከቀብር እንደተመለሰ በትከሻው ተሸክሞ ወሰን ወዳለችው ባለ አንድ ክፍል ቤቱ አስገባኝ። ይሄን አልክድም። የሚያበግነኝም ይሄው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ክፉ ቢሆንልኝ ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

ያኔ ከወሰን በላይ ባለው የእንጦጦ ጋራ ላይ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ሁለት ነበሩ፤ እሱና ሚልኬሳ። ሚልኬሳ እዚያው ጋራው ላይ ገብስና ድንች የሚያመርት፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኡርጂ የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ ነበረችው። ባየኝ ቁጥር ከኪሱ የተጠበሰ ድንች አውጥቶ "ሀይማኖት፣ ብዪ፣ ትኩስ ነው" ይለኛል፤ ትኩስ ሆኖ ግን አያውቅም። ሚልኬሳ ዱላ ይዞ ደኑን ይዞራል፣ አጎቴ ሬዲዮ ይዞ ይቀመጣል፤ የሥራ ክፍፍላቸው እንዲያ ነበር።

ሬዲዮ ስል ዘፈን የሚዘፍነውን አይደለም። ሰው የሚያናግሩበትን፣ ጥቁሩን፣ ጡብ የሚያህለውን ነው። አናቱ ላይ ላስቲክ የለበሰ አንቴና አለው። አጎቴ ሥራ ሲፈታ በዚያ አንቴና ጫፍ ጆሮውን ይኮረኩራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ "እህህ" እያለ። ከዚያ ጫፉን አገላብጦ ያየዋል። ከዚያ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። ያኔ ንጉሥ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንጀራዬ ራሱ ሬዲዮ ነው፤ ጉርድ ሾላ ባለ ቢሮ ለጥበቃ ሠራተኞች የሬዲዮ አያያዝ አስተምራለሁ። አንድ ሠልጣኝ አንቴናውን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ ባየሁ ቁጥር ሬዲዮውን ከእጁ እቀማዋለሁ።

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ቀን አጎቴ ይዞኝ ወደ ጋራው ይወጣ ነበር። ከባህር ዛፉ መሐል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ሲቆሙ ከተማው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሬዲዮው ደህና የሚሠራው እዚያ ላይ ብቻ ነው። አጎቴ ጫማውን መታ መታ አድርጎ ጭቃውን ያራግፋል፣ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ሬዲዮውን አፉ አጠገብ ይይዛል።

"መገናኛ፣ መገናኛ! እንጦጦ ነኝ!"

ሬዲዮው ትንሽ ይንሿሿና የሴት ድምፅ ይመጣል፤ የረጋ፣ የማይቸኩል ድምፅ።

"መገናኛ ነኝ፤ ቀጥል።"

"ሁሉ ሰላም ነው!"

"ተሰምቷል።"

እንግዲህ እኔ የማውቀው መገናኛ አንድ ነው፤ ያ ታክሲ የሚሞላበት፣ ረዳቶች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የሚጮኹበት አደባባይ። ስለዚህ አጎቴ በየቀኑ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ "ሰላም ነው" የሚል፣ መገናኛም ራሷ ሴት ሆና "ተሰምቷል" የምትለው መሰለኝ። እሱ ካልነገራት ታክሲዎቹ አይንቀሳቀሱም፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጋራው አንጋጦ ይጠብቃል። ታክሲ ተሳፍረን መገናኛ ስንደርስ አንድ ሰው እንኳ አጎቴን አለማወቁ ይገርመኝ ነበር። ምናለ ቢያመሰግኑት እላለሁ በሆዴ።

ነገሩ ሌላ ነው። መገናኛ የሚባለው የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ የሬዲዮ ክፍል ነበር፤ መገናኛ ክፍል። ጽሕፈት ቤቱም ያለው ሲግናል የሚባለው ሰፈር ነው። የምትመልሰው ሴት እትዬ በለጡ ትባላለች፤ የእኛው ሰፈር ሰው፣ ጠዋት ጠዋት የወሰንን ጭቃ በፌስታል በተጠቀለለ ጫማ ተሻግራ አስፋልት ላይ ስትደርስ ፌስታሉን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ የምትከት ንጹሕ ሴት። በራችን ላይ ስታልፍ "ደህና አደርሽ የኔ ቆንጆ" ትለኛለች። መገናኛ ራሷ ሰላም እያለችኝ መሆኑን ግን ማን ይንገረኝ?

አንድ ቀን ሚልኬሳ ሬዲዮውን ተቀብሎ ሊጠራ ሞከረ። አንቴናውን በጣት እንደሚጠቁም ሰው ወደ ከተማው አጋድሞ ያዘው። አጎቴ ጮኸበት።

"ቀጥ አርገው እንጂ አንተ ሰው! የእጅ ባትሪ አደረግኸው እንዴ ወደ ሰዉ የምታበራው?"

ሚልኬሳ ሳቀና ቀጥ አደረገው። እኔ ባንዲራ ሲሰቀል መምህራችን "ቀጥ በሉ!" የሚለን ትዝ አለኝ። አሃ፣ አክብሮት ነው ለካ አልኩ፤ ለመገናኛ የሚቆመው ለባንዲራ እንደሚቆመው ነው። አክብሮት! እኔ ሞኟ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የወርቅ ጥርስ ያለው ሰውዬ ቤታችን መጣ። የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው፤ ስሙን ዛሬም አላውቀውም። ጥሬ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ ደሙ የጋዜጣውን ፊደል አቅልሞት ነበር። ሁለቱ አንድ ቢላዋ እየተቀባበሉ ይቆርጣሉ። ጮማው በአጎቴ አገጭ ላይ ይወርዳል፤ በእጁ ጀርባ ይጠርግና እጁን ይልሳል። አንድ ቀጭን ቁራጭ አዋዜ ነክሮ አጎረሰኝ። ከዚያ ወሬያቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅ ደግሞ ወሬ ዝቅ ሲል ነው ጆሮው የሚቆመው።

"ቅዳሜ መገናኛ እንዳትነቃብን" አለ ባለ ወርቅ ጥርሱ።

"ግድ የለህም" አለ አጎቴ፤ "አስተኛታለሁ።"

"ሚልኬሳስ?"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

ተሳሳቁ። ባለ ወርቅ ጥርሱ የቤታችንን ግድግዳ በጥፊ መታ መታ አደረገና "ይቺ ልጅ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል እኮ። ግንዱን ለእኔ ጣለው" አለ። አጎቴ ፀጉሬን ዳበሰኝ፤ እጁ ላይ ጮማ ነበረበት።

አስተኛታለሁ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ የማስበው መገናኛ ተኝታ ነበር። ታክሲዎቹ መብራታቸውን ጨፍነው፣ ረዳቶቹ አስፋልቱ ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ትራፊክ ፖሊሱ ቆሞ እያንቀላፋ፤ አጎቴ ደግሞ ከጋራው ላይ እሹሩሩ እያለ። ይሄን የሚችል አጎት ያለው ልጅ ከክፍላችን ማን ነው? ማንም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራው ጉም ለብሶ ነበር። ገና ድንጋዩ ጋ ሳንደርስ ከታች፣ ከመኪና መንገዱ በኩል፣ የሞተር መጋዝ ድምፅ ተሰማ። ደኑ በሙሉ አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ይሸታል፤ ያ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። ሚልኬሳ እየሮጠ መጣ።

"ዘርትሁን፣ እየቆረጡ ነው! መኪና አቁመው እየጫኑ ነው! ጥራ፣ ለመገናኛ ንገራት!"

"እሺ፣ እጠራለሁ። አንተ ተረጋጋ" አለ አጎቴ።

ሚልኬሳ ምን ይረጋጋል። ዱላውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከጉሙ ውስጥ የእሱ ጩኸት ተሰማ፣ የሌሎች ሰዎች ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ግንድ ሲንከባለል የሚሰማው ድድድ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ጩኸት። ከዚያ በኋላ መጋዙም ዝም አለ።

አጎቴ "እዚህ ቁሚ" ብሎኝ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የሱሪው ጫፍ ቀልቷል። "ሚልኬሳ ላይ እንጨት ወደቀበት" አለኝ። "አይዞሽ፣ አሁን መገናኛን እንጠራለን።"

እኔ ወደ ድንጋዩ ሮጥኩ። እሱ ግን እጄን ያዘና ከድንጋዩ በታች ወዳለው ጎድጓዳ ወሰደኝ። "ነፋስ እንዳይመታሽ" አለኝ። ነፋስ አልነበረም። ቁጭ አለ፣ አጠገቡ አስቀመጠኝ፣ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። አንቴናው ተኝቶ ጫፉ ወደ ከተማው ያመለክታል።

"እዪ ሀይምዬ። ስጫነው ቀይዋ መብራት በርታለች አይደል?"

"አዎ፣ በርታለች።"

"ጎሽ። ልብ ብለሽ እዪ።" ከዚያ ድምፁን ለወጠ፤ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ አወጣ። "መገናኛ! መገናኛ! እንጦጦ ነኝ! ሰው ተጎድቷል፣ መኪና ላኩ! መገናኛ!"

ጣቱን አነሣ። ሽሽሽ ብቻ። ደግሞ ተጫነ፣ ደግሞ ጮኸ። ሽሽሽ። በየመሐሉ ከኪሱ ቆሎ እያወጣ ይቅማል። አዎ፣ ቆሎ! ከታች ሚልኬሳ ያቃስታል፣ እሱ ቆሎ ይቆረጥማል። ጆሮውን የጣለው ወደ ሬዲዮው አልነበረም፤ አንገቱን አዙሮ የጭነት መኪናውን ሞተር ያዳምጣል። እኔ ቀጥ አለማለቱ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ሰው ሲቸኩል አክብሮት ይረሳል ብዬ አለፍኩት። ጫፉን ወደ መገናኛ ማነጣጠሩም ድምፁ ቶሎ እንዲደርስላት መሰለኝ፤ የቧንቧ ጎማ ወደ አትክልቱ እንደሚያዞሩት። እንዴት የአንድ አደባባይ ሕዝብ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አይሰማም? ከዚያ ሐሙስ የተባለው ትዝ አለኝ፤ ለካ አስተኝቷታል! ሊቀሰቅሳት ነው፣ እንቢ ብላው ነው። አሳዘነኝ።

ሞተሩ ተነሣ። መኪናው እያቃሰተ ወረደ፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ያኔ አጎቴ የቆሎውን ገለባ ከከንፈሩ ላይ እፍ አለና ተነሣ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጣ። አንቴናውን ቀጥ አደረገ።

"መገናኛ፣ መገናኛ! እንጦጦ ነኝ!"

"መገናኛ ነኝ፤ ቀጥል።" ሁለተኛ እንኳ ሳይጠራት።

"አንቺ ሴትዮ የት ነበርሽ?! ሰው እየሞተ ነው! ስንት ጊዜ ስጠራሽ!"

እኔ ድንጋዩ ሥር ሆኜ አጨበጨብኩ። ነቃች ብዬ!

ሚልኬሳ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ደሙ ፈሶ አልቆ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ አዲስ ቀሚስ አልብሶኝ ሲግናል ወዳለው ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። እትዬ በለጡ ጥግ ላይ ቆማ መሐረቧን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"የኔ ቆንጆ" አለኝ አንዱ መነጽር ያደረገ፤ "አጎትሽ በሬዲዮ ሲጠራ አይተሻል?"

"አዎ፣ በጣም ጮኸ" አልኩ። "ቀይዋ መብራት በርታ ነበር።"

ሰዎቹ ተያዩ። "ልጅ አይዋሽም" አለ መነጽሩ። እውነቱን ነው፤ አልዋሸሁም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። አጎቴ ያን ዕለት ጋራው ላይ ይዞኝ የወጣው ለዚህ ነበር፤ እውነተኛ ምስክር ፈልጎ። ከሥጋው ላይ ያጎረሰኝ እጅ ነው እንደ ማስረጃ ጎትቶ ያቀረበኝ። ይሄን ሳስበው ገላሽን ታጠቢ፣ ታጠቢ ይለኛል።

"አልሰማሁም" አለች እትዬ በለጡ። "ከወንበሬ አልተነሣሁም፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልሰማሁም።"

ከሥራ አስወጧት። የሰፈሩ ሰው "ተኝታ ነው" አለ። "አልሰማሁም" ስሟ ሆኖ ቀረ። መንገድ ዳር ጉሊት ከፍታ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ስትጀምር ወጠጤው ሁሉ እያለፈ "አልሰማሁም! ቲማቲም እንዴት ነው?" ይላታል። "ሲግናል ተቀምጣ ሲግናል ጠፋባት" ብሎ ያሽካካል። የሚልኬሳ ሚስት በአጠገቧ ስታልፍ ምራቋን ትተፋለች። ኡርጂም ከእናቷ ተምራ ፊቷን ታዞራለች።

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሙ። አጎቴ ሊያስታርቃቸው ተነሣ! እሱ! ሽማግሌ ሰበሰበ፣ የእድሩ ድንኳን ውስጥ የሚልኬሳን ቤተሰብ አስቀመጠ። እትዬ በለጡ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ገባች፤ እንደ ነፍሰ ገዳይ። ጎንበስ ብላ "ይቅር በሉኝ፣ ስለ ማርያም" አለች። የሚልኬሳ ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጎቴ ተነሥቶ ጉልበቷን ስሞ፣ እንባውን እያፈሰሰ "ስለ እኔ ብለሽ ማሪያት፤ ሰው ነች፣ ድካም ይዟት ነው" ብሎ ለመነ። ይቅር ሲባል ድንጋዩን ከአንገቷ ያወረደላት እሱ ነው፤ በገዛ እጁ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። "ዘርትሁን እኮ ሰው ነው!" ተባለ። በዓመቱ የእድር ዳኛ አድርገው መረጡት። እግዚኦ! ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ድንጋዩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

እኔም ክፍሌን አገኘሁ። ከቤታችን ጀርባ፣ በአዲስ የባህር ዛፍ ግንድ የተማገረ፣ ገና ጭማቂው ያልደረቀ። "ለአንቺ ብዬ ነው" አለኝ። ለብዙ ጊዜ ግድግዳው ሸተተኝ፤ ፀጉሬ፣ አንሶላዬ፣ ደብተሬ ሁሉ ያን ሽታ ያዘ። እኔም የደስታ ሽታ ነው ብዬ ወደድኩት።

አደግሁ፣ ተማርኩ፣ የሬዲዮ ሥራ ውስጥ ገባሁ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት አልገባሽም ትሉኝ ይሆናል። የልጅነት ነገር እንደተቀመጠ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው ከፍቶ አያየውም። ባለፈው ክረምት ነው የተከፈተብኝ። ጉርድ ሾላ ሥልጠና ላይ አንዱ ወጠምሻ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አንቴናውን ሩቅ ግቢ ካለው ጓደኛው በኩል አነጣጥሮ ይጠራል። መልስ የለም። እኔም ሁልጊዜ የምለውን አልኩት፦

"ወንድሜ፣ የእጅ ባትሪ አይደለም ወደ ሰው የሚያበሩት። ድምፁ የሚወጣው ከአንቴናው ጎን፣ ዙሪያውን ነው። ጫፉ ደንቆሮ ነው። ቅርብ ለቅርብ ብትሆኑ ችግር የለውም፤ ራቅ ካላችሁ ግን ጫፉን ያዞርክበት ሰው አይሰማህም። ዝቅ ብለህ፣ ከድንጋይ ከግንብ ጀርባ ሆነህ ካስተኛኸው ደግሞ ጭራሽ..."

ካስተኛኸው። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ፊቴ ቆመ። አስተኛታለሁ። እሷን አይደለም፣ አደባባዩን አይደለም፤ አንቴናዋን! ጉልበቱ ላይ የተጋደመችው አንቴና፣ ጎድጓዳው፣ ቆሎው፣ የሚርቀው ሞተር፣ ከዚያ "ቀጥ" ሲል ወዲያው የመጣው መልስ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ሠልጣኞቹን ጥዬ ከክፍሉ ወጣሁ።

ለኡርጂ ነው መጀመሪያ የነገርኳት። ወሰን ጋራዥ ውስጥ መኪና ትቀባለች፤ የቀለም መርጫውን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። "በምን አምንሻለሁ?" አለችኝ። "የእሱ ልጅ ማለት አንቺ ነሽ፣ ያሳደገሽ እሱ ነው። በምን?" ልክ ነበረች። ሁለታችንም አብረን ወደ እትዬ በለጡ ጉሊት ሄድን። ኡርጂ ራቅ ብላ ቆመች። እትዬ በለጡ አርጅታለች፤ ሽንኩርቷን እየላጠች አዳመጠችኝ፣ ስጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ልጄ" አለችኝ በመጨረሻ፤ "እኔ እኮ አንቀላፍቼ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር። ሰው ሁሉ ሲለኝ ጊዜ። ይሄን ሁሉ ዓመት የሚልኬሳን ነፍስ ይማር ስል እኔ ገድዬው ነው የምለው።"

ኡርጂ ያኔ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴን "ጋሼ፣ ንጹሕ አየር ልውሰድዎት" አልኩት። ደስ አለው። ዛሬ እስከ ድንጋዩ አጠገብ መኪና ይገባል። እሱ መፋቂያውን እየነከሰ፣ ጭራሮውን በመስኮት እየተፋ ወጣን። ሽታው ገና ከመኪናው ሳልወርድ ተቀበለኝ፤ አፍንጫዬን አልያዝኩም። ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት ሬዲዮ ትከሻዬ ላይ ነበር። የእሱ ጥንድ የሆነው ሁለተኛው ሬዲዮ ሲግናል ሰፈር፣ የድሮው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ እትዬ በለጡ እጅ ላይ ነው። ኡርጂ አብራት አለች።

"ይሄን ድንጋይ ያስታውሱታል?" አልኩት።

"እንዴት እረሳዋለሁ! እንጀራ የበላንበት ነው።"

ጎድጓዳው ውስጥ ገባሁ። ቁጭ አልኩ። ሬዲዮውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ጫፉን ወደ ሲግናል አዞርኩ። "መገናኛ፣ መገናኛ፣ እንጦጦ ነኝ!" ሽሽሽ። ደግሜ ጠራሁ። ሽሽሽ። የአጎቴ መፋቂያ አፉ ውስጥ ቆመ። ምንም ሳልናገር ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፣ ቀጥ አደረግሁት።

"መገናኛ፣ መገናኛ፣ እንጦጦ ነኝ።"

"መገናኛ ነኝ" አለ ያ የረጋ ድምፅ፤ ሻክሯል እንጂ እሱው ነው። "ቀጥል።"

ቀጥል አለች፤ ቀጥዪ አላለችም። ለማን እንደምትመልስ ታውቃለች። አጎቴ ግን ድምፁን የኔ ባልደረባ ነገር አድርጎ ሳይወስደው አልቀረም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከተማውን ማየት ጀመረ። እኔ ሬዲዮውን ደረቴ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ መጫኛውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አላነሣሁም።

"ጋሼ፣ ያን ቀን አስተኝተዋት ነበር።"

"ምኑን?"

"አንቴናዋን። መኪናው እስኪወርድ።"

ይክዳል ብዬ ነበር። ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ ድንጋይ ይሸከማል ብዬም ነበር። እሱ ግን ጥርሱ መሐል የቀረውን ጭራሮ በምላሱ ፈልጎ አወጣና ቱፍ አለ።

"እና ምን ይጠበስ? የወረደ መኪና አይመለስ፣ የሞተ ሰው አይነሣ። የጽሕፈት ቤቱ መኪና በዚያው መንገድ ቢመጣ ተያይዘን እስር ቤት ነበርን። ሚልኬሳም እንደሆነ አይተርፍም ነበር።"

"ጠርተው ቢሆንስ?"

"ኧረ ተይኝ! ማን ግባ አለው? ተረጋጋ ብዬዋለሁ።"

"እትዬ በለጡስ?"

"በለጡ ምን ሆነች? አስታርቄያታለሁ። ድንጋዩን ከአንገቷ ያወረድኩላት እኔ አይደለሁ? ሰው እንዲያውም በዚያ ነው ያወቃት። አዎ አንቴናዋን አስተኛሁ፤ ለማን ብዬ? የተኛሽበት ክፍል ግንዱ ከየት የመጣ ይመስልሻል? አንቺን አስተኝቼ ለማሳደግ ነው!"

ፈገግ ብሎ ዞረ፤ ሊመርቀኝ እንደሆነ ሁሉ እጁን ዘርግቷል። ያኔ ነው ደረቴን ያየው። መጀመሪያ አንቴናውን፣ ቀጥሎ ጣቴን፣ ቀጥሎ መብራቷን።

"ይቺ... ይቺ ቀይዋ..."

"አዎ፣ በርታለች" አልኩት። "ልብ ብለሽ እዪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

ጋሼም እርስዎም አልወጣልኝም። አንተ አልኩት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። መፋቂያው ከእጁ ወደቀ። ጣቴን አነሣሁ።

ሽሽሽ አለ ሬዲዮው። ከሥሩ የኡርጂ ልቅሶ የሚመስል ነገር ተሰማና ተቆረጠ። ደግሞ ሽሽሽ። አጎቴ የድንጋዩን ጠርዝ ይዞ ተቀመጠ፤ እኔም አልደገፍኩትም። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ የረጋ፣ የማይቸኩል፣ ጠዋት ጠዋት "ሁሉ ሰላም ነው" ሲሏት እንደምትመልሰው።

"መገናኛ ነኝ" አለች። "ተሰምቷል።"